ከጉድጓዱ ያልጠጣ ቤት

እሑድ ጠዋት ባልዲው አልነሣም አለ። ትሩፋት እግሯን ከድንጋዩ ጠርዝ አስደግፋ ገመዱን ስትጎትት መጀመሪያ የወጣው የጋቢ ጫፍ ነበር። ራሷ የፈተለችው ጋቢ ነውና ወዲያው አወቀችው። ጋቢውን የለበሰው ወንድሟ ሞላ ነበር።

አልጮኸችም። መጀመሪያ የታወሳት ሞቱ ሳይሆን ውኃው ነው፤ ዓርብም ቅዳሜም ጠጥታዋለች፣ አብስላበታለች። ተንበርክካ አስመለሰች። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ።

መንደሯ ከሆሞሻ በላይ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ሠላሳ ጎጆ ናት፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ከላይ፣ የአገሩ ነባሮች በርታዎቹ ከታች። ጉድጓዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ምንጭ ቢኖርም ገደል ያስወርዳል፤ ወገቡን ያመመው አይሞክረውም።

ቀትር ላይ የሆሞሻ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ደራርቱ ተጠርታ በእግሯ ደረሰች። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለእሷ የሚደርስ መኪና የለም። ሬሳውን አገላብጣ አየች። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል።

«ዛሬ ጉድጓዱን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። የቀርከሃ ክዳኑን አንሥቼ» አለች ትሩፋት።

«ዓርብስ ተከድኖ ነበር?»

«እንዴታ!»

«ወድቆ የሞተ ሰው ክዳኑን በላዩ አይመልስም።»

«ይኼን ለማወቅ ፖሊስ አያሻም» አለ የመንደሩ ሹም አስማማው፣ በዱላው ተደግፎ። «ሐሙስ አመሻሽ ሞላ ከበርታው ሱለይማን ጋር ሲጨቃጨቅ አገር ሰምቷል። ለበቀል የተነሡትን ጎረምሶች ይዣቸዋለሁ፤ የምይዛቸው ግን ቀብሩ እስኪያልቅ ነው።»

ጎረምሶቹ የደረቀ ሣር እንደ ችቦ አስረዋል። «ጎጆውን ከነልጆቹ!» አለ አንዱ።

ትሩፋት ችቦዎቹን አየች። ሱለይማን ከሆነ ይቃጠል። ካልሆነ ግን በወንድሟ ስም ሌላ ሰው ሊገደል ነው።

ደራርቱ ወደ ታች ስትወርድ ተከተለቻት። ሱለይማን ልጆቹን ከኋላው ሰብስቦ በሩ ላይ ቆሟል።

«ወላሂ አልገደልኩም! ሞላ ሰኞ ወረዳ ፍርድ ቤት ለኔ ሊመሰክር ነበር። የማንጎው መሬት ያባቴ ነው። አስማማው የድንበር ድንጋይ ሲያዛውር ሞላ አይቷል። እኔ ተው፣ ይጎዳሃል አልኩ። እሱ እምቢ አለ። ጭቅጭቅ ይኼ ነው።»

«ሲጠፋስ ለምን አልፈለጋችሁትም?» አለች ደራርቱ ወደ ትሩፋት ዞራ።

«ዓርብ በሌሊት ሆሞሻ ወርጄ እስከ ሰኞ እቆያለሁ ብሎኝ ነበር» አለች ትሩፋት። «የሄደ መስሎኝ።»

ደራርቱ ወደ ሱለይማን ዞረች። «ዓርብ ለሶላት የታጠብህበት ውኃ ከየት ነው?»

«ከጉድጓዱ ነዋ! አፌን ተጉመጥምጬ...» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያ አላህ!»

ከዚያ ወደ አስማማው ቤት ወጡ። ሚስቱ ሸዋሉል ወገቧን ይዛ ለእንግዳዋ ውኃ በብርጭቆ አቀረበች። ደራርቱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣችው።

«የጉድጓዱ ውኃ ቀይ አፈር አለው። ይኼ ጥርት ብሏል።»

«የምንጭ ነው።»

«በዚህ ወገብሽ ዛሬ ገደል ወረድሽ?»

«ዛሬማ ለቅሶ እያለ ማን ይወርዳል? ዓርብና ቅዳሜ የቀዳሁት ነው እንጂ።» ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከቀብር በፊት ደራርቱ ሁሉንም የለቅሶው ዳስ ውስጥ ሰበሰበች። ሱለይማንን አጠገቧ አቆመችው።

«ገዳዩ ሞላ የት እንዳለ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቃል» አለች። «እናንተ አላወቃችሁም፤ ስለዚህ ጠጣችሁ። ሱለይማንም አላወቀም። ቢያውቅ ሬሳ ባለበት ውኃ ታጥቦ አምላኩ ፊት አይቆምም። ደግሞስ ሰኞ የሚመሰክርለትን ሰው ለምን ይገድላል? በምስክርነቱ መሬት የሚያጣው ሌላ ሰው ነው። ዓርብ ጠዋት፣ መንደሩ ምንም ሳያውቅ፣ ከጉድጓዱ መቅዳት ያቆመውም የዚያው ሰው ቤት ነው።»

ዐይን ሁሉ ወደ አስማማው ዞረ።

«ውኃው ሸቶኝ ነው» አለ።

«በአንድ ሌሊት? ከሸተተዎትስ ሹም አይደሉ? የሰው ልጅ ሲጠጣ ለምን ዝም አሉ?»

«ኧረ ተይን! ትናንት ትሩፋት ቤት ማኅበር ላይ ከሁሉ ጋር ብርዝ ጠጥቻለሁ! ከጉድጓዱ ውኃ የተበጠበጠ አይደለም?»

ትሩፋት ያን ጊዜ ታወሳት። አስማማው ጽዋውን ባርኮ ወደ እሷ አዞረው። «ጨጓራዬን አሞኛል፤ አንቺ ጠጪልኝ» አላት። እስክትጨርሰው ድረስ ዐይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«አልጠጡም» አለች። «እኔን ነው ያጠጡኝ።»

ሸዋሉል ከሴቶቹ መሀል ተነሣች።

«ከጉድጓዱ እንዳትቀጂ አለኝ። ለምን ብለው ወገቤን መታኝ። በዚያው ዱላ ነው፤ ሐሙስ ማታ አጥቦት ገብቶ ነበር።»

አስማማው ዱላውን አየው። ጎረምሶቹ ሣሩን ጣሉ፤ ሱለይማንን ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም።

አስማማውን በጉድጓዱ ገመድ አሰሩት። ሆሞሻ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ፀሐዩም ድንጋይ ይሰነጥቃል።

«ውኃ ስጡኝ» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ትሩፋት ቤት ገብታ ቅዳሜ ከጉድጓዱ ከቀዳችው እንስራ ያንኑ የማኅበር ጽዋ ሞልታ ወጣች። ከአፉ አስጠጋችው።

«አያ አስማማው፣ ጨጓራዬን አሞኛል። እርስዎ ይጠጡልኝ።»

የደረቀ ከንፈሩን ገጠመ። ደራርቱ ገመዱን ሳብ አድርጋ ጉዞ ጀመረች። ትሩፋት ግን እጇን አላጠፈችም፤ ጽዋውን ከአፉ ሳታርቅ፣ ጠብታ ሳታፈስ፣ እስከ ማንጎዎቹ ድረስ አብራው ወረደች።