ዘጠና ሦስት ሜትር

«ሰባት! ስምንት! ዘጠኝ!»

ስድስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ገመዱን በዘረጉ ቁጥር ሜዳው እስኪናጋ እየጮኹ ቆጠሩ። የስምንተኛ ክፍሏ የብርጓል የገመዱን ጫፍ ይዛ፣ እየሳቀች ትከተላቸዋለች።

ሮብ ገበያ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ የትንንሾቹ ትምህርት ርዝመት መለካት ነበር። ሰኞ በስንዝር ለኩ። ማክሰኞ በክንድ ሲለኩ የመምህርቷ ክንድና የእነሱ ክንድ አልገጥም አለና ክፍሉ በክርክር ቀለጠ። ረቡዕ በእርምጃ ሆነ። ዛሬ ሜትር ገባ። መምህርት ጥሩነሽ በየሜትሩ የተቋጠሩ ባለ አሥር ሜትር ገመዶች አዘጋጅተው፣ ለየቡድኑ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መደቡ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ማን ያቁማቸው! ሰሌዳውን ለኩ፤ የባንዲራውን ምሰሶ ጥላ ለኩ፤ በር ላይ የቆመች አህያ እንኳ አላመለጠቻቸውም።

የብርጓል የመቶ ሜትር መሮጫውን የመረጠችው ሆን ብላ ነው። በዚያ መስመር ላይ የሚቀድማት ሴት የለም። ባለፈው ሳምንት በአሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት ሰከንድ ጨርሳዋለች። የዞኑ ውድድር መግቢያ አሥራ አራት ሰከንድ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ መሮጧ ነው። ስሟ ያለበት ዝርዝር ነገ ይላካል።

«ዘጠኝ ገመድ ከሦስት ቋጠሮ!» አለች ዜማ፣ የቡድኑ ጸሐፊ። «ዘጠና ሦስት!»

«ተሳስታችኋል። እንደገና።»

ልጆቹ ይህን ሲጠብቁ እንደነበር ሁሉ ወደ መነሻው ድንጋይ በረሩ። በዚህኛው ዙር የብርጓል ራሷ ገመዱን ወጥራ ቆጠረች። ዘጠና ሦስት። ክረምት ላይ አጥሩ ሲታደስ የመጨረሻው ድንጋይ ወደ ውስጥ መገፋቱ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«ሜዳው ዋሽቷል!» ብለው ልጆቹ ዘለሉ። ከዚህ የበለጠ ግኝት ከየት ይመጣል!

ጓደኛዋ ሂዊ የራሷን ቡድን ትታ መጣች። ነገሩን ስትሰማ የብርጓልን በክንዷ ጎትታ ዞር አደረገቻት።

«እንዳትናገሪ! ሌሎቹም የሮጡት እዚሁ ላይ ነው። አሁንም አንደኛ አንቺ ነሽ።»

«መግቢያው ግን ሰዓት ነው፣ ሂዊ። ሰባት ሜትር እኮ ነው የጎደለው።»

«ኧረ አታካብጂ! የሁለተኛ ክፍል ልጆች ቆጠራ ማን ያምናል?»

የብርጓል ገመዱን እየጠቀለለች አሰበች። እውነት ነው፤ ማንም አያምንም። ዝም ካለች ነገሩ እዚሁ ይቀራል።

ዜማ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ መጣች። እርሳሷ ተዘጋጅቷል።

«እታለም፣ ስንት ብዬ ልጻፍ? ሁሉም መቶ ነው የሚለው። እኛ ደግሞ ሁለቴ ለካነው።»

የብርጓል የልጅቷን ዓይን አየች። ዜማ የጠየቀችው ስለ ደብተሯ ብቻ ነበር። የነገረቻትን ትጽፋለች፤ መቶ ብትላት መቶ።

«የለካችሁትን ጻፊ» አለቻት።

ከዚያም ሐሳቧን ሳትቀይር በሩጫ ወደ ስፖርት መምህሩ ሄደች። መምህር ደምለው የኳስ መረብ እየጠገኑ ነበር።

«ቲቸር፣ መሮጫው መቶ አይሞላም።»

አላመኑም። መጥተው ከልጆቹ ጋር ለኩ። ሦስተኛ ጊዜ ዘጠና ሦስት ሲወጣ ልጆቹ በጭብጨባ አበዱ፤ መምህር ደምለው ደግሞ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። መነሻው ድንጋይ ሰባት ሜትር ወደ ኋላ ሄደ።

«አሁኑኑ ልሩጠው» አለች የብርጓል።

ሂዊ ሹራቧን ተቀበለቻት። ፊሽካው ሲነፋ የብርጓል ተፈተለከች። ስድስቱ ልጆች ከዳር ሆነው ስሟን እየጠሩ አብረዋት ሮጡ፤ አንዱም አልደረሰባትም። የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ግን እግሯን እንደ ጭቃ ያዙት።

መምህር ደምለው ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ። «አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።»

ልጆቹ ቁጥሩ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እልል አሉ። የብርጓል ጉልበቷን ይዛ ተነፈሰች። ማልቀስ አሰኝቷት ነበር፤ ደግሞም ልቧ እንዲህ ደልቆ አያውቅም። ነጥብ ሁለት ሰከንድ ብቻ!

«ዝርዝሩ መቼ ነው የሚላከው፣ ቲቸር?»

«ነገ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።»

«ጠዋት ከሰልፍ በፊት እመጣለሁ። ሰዓትዎን ይዘው ይምጡልኝ።»

መምህር ደምለው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የብርጓል የጫማዋን ክር አጠበቀች። ከዚያ ወደ አዲሱ መነሻ በቀስታ ተመለሰች።