የሰይፈ ሚካኤል ምች

«ልጇን የገደለችው እሷ ናት! በዳማ ከሴዋ!»

እስከ ትናንት አማቷን «እርስዎ» ስትል የኖረችው የምሥራች፣ ዛሬ በጣቷ እየጠቆመች «እሷ» አለቻቸው። ባሏ ሰይፈ ሚካኤል፣ የገንደ ቆሬው ባጃጅ ነጂ፣ አልጋው ላይ እንደተዘረጋ ነው። አንገቱና ደረቱ በቀይ ሽፍታ ተሸፍኗል። እናቱ ወይዘሮ በለጠች በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ካቴና አውጥቷል። በልጅ አስከሬን ፊት ካቴና! አይ ጊዜ!

«አቦ፣ ያን ብረት መልሰው» አለች ኢንስፔክተር ሳብሪን ስትገባ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ምን አጠጡት?»

«ማታ ምንም። ባለፈው ሳምንት ግን አተኮሰው፣ ሰውነቱ ሽፍ አለ፣ አስመለሰው። ‹ምች ነው፤ ምች መርፌ አይወድም፣ ሐኪም ቤት እንዳትሄድ› ብዬ ዳማ ከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፤ ተሻለው። ማታ ‹እንደገና ታመመ› ብለው ሲጠሩኝ ቅጠሉን ይዤ ሮጥኩ። ሳልጨምቀው…» እንባ ቀደማቸው።

ሳብሪን የነጠላቸውን ጫፍ ፈታች። ዳማ ከሴው ጠውልጓል እንጂ አንድ ቅጠል አልተቀነጠሰለትም።

«የምሥራች፣ ባልሽ ሌላ የሚወስደው ነገር ነበር?»

የምሥራች ፖሊሶቹን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኤችአይቪ መድኃኒት። ለኩላሊቱ ብለው በቅርቡ ቀየሩለት። ምች የመታው ዕለት አቋረጠ። ማታ ራት ላይ ለምኜም ተቆጥቼም አስጀመርኩት። መድኃኒት አይቋረጥማ! ለልጃችንም ያንኑ አዘውላታል፤ ዛሬ ልትጀምር ነው። አባቷን አይታ እንድትበረታ ብዬ…»

ሳብሪን መድኃኒቱን የሰጠውን ነርስ፣ ዘርዓብሩክን፣ አስጠራች። የጣሪያው ቬንትሌተር ሙቀቱን በሚያማስልበት ሳሎን ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ሲታመም ዳማ ከሴው ገና አልመጣም ነበር» አለች ሳብሪን። «ስለዚህ የገደለው እሱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ያዳነውም እሱ አይደለም። ያን ዕለት ዳማ ከሴ ጠጣ፣ መድኃኒቱን ደግሞ አቆመ። ተሻለው። ማታ መድኃኒቱን መልሶ ዋጠ። ሞተ።»

የነርሱ ፊት አመድ መሰለ። «እንግዲያው ምች አልነበረም። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ሲያቆሙት ይተዋል፤ መልሰው ከጀመሩት ግን በሰዓታት ይገድላል። ‹ካተኮሰህ ወደኛ ና› ብዬዋለሁ። ‹መልሰህ እንዳትጀምር› አላልኩትም።»

«እማማ ሐኪም ቤት ከለከሉት፤ አንተ ግማሹን ነገርከው፤ እሷ ለመነችው» አለች ሳብሪን። «ወላሂ፣ ሁላችሁም ልታድኑት ነበር።»

«አይቋረጥም ያላችሁኝ እናንተ!» የምሥራች ነርሱ ላይ ጮኸች።

«አስቀድሞ በደም ምርመራ ይታወቅ ነበር፤ እኛ ጋ ግን አይሠራም» አለ ዘርዓብሩክ አንገቱን ደፍቶ። «አለርጂው በዘር የሚወረስ ነው።»

ወይዘሮ በለጠች ቀና አሉ። «ከኔ ደም ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ልጅቱስ?»

«ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ሳይታይ አንዲት ፍሬ እንዳትቀምስ።»

የምሥራች ከጉያዋ የልጇን ያልተከፈተ ብልቃጥ አወጣች። አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ እርስዎ ይያዙልኝ። እኔ እጄን ፈራሁት።»