የጋሽ ማይክ ካሴቶች

የኮምፒውተሩ ፕሮግራም «ወፍራሙ ዳኛና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተባለውን ፋይል ጥቂት አሰበበትና የኬክ አሠራር የሚያስተምር የውጭ ፊልም ነው ብሎ ወሰነ። ወስኖም አላፈረም። ነጭ ቆብ የደፋች ሴትዮ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ታቅፋ የምትስቅበትን ፖስተር ከኢንተርኔት ጎትቶ ለጠፈበት።

«ዳኛዋ ይቺ ናት?» አለ ዋይፋይ፤ የአንቴናን ትራስ ደረቱ ሥር አድርጎ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል።

«ፊልሙ ውስጥ ኬክ የሚባል ነገር የለም» አለች አንቴና። «ዳኛ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ሁለት ወንድማማቾች አሉ።»

«ወፍራም የሚለውን አይቶ ነዋ።»

አንቴና ለቁመቷና ለቅጥነቷ የወጣላት ስም ነው። እናቷ በትክክለኛ ስሟ የምትጠራት ስትናደድ ብቻ ስለሆነ፣ ትክክለኛ ስሟን በሰማች ቁጥር ትደነግጣለች። ዋይፋይ የክፍሏ ልጅ ነው። ኢንተርኔት ካለበት ቤት አይጠፋም፣ ከሌለበት ቤት ደግሞ ታይቶ አያውቅም።

ከጠዋት ጀምሮ የሚሞክሩት የቤቱን ፊልም ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስበው በቲቪ የሚያሳዩ ሁለት ፕሮግራሞችን ነው። አንዱን «ቆንጆው»፣ ሌላውን «ደረቁ» ብለዋቸዋል። ቆንጆው ሲከፈት እንደ ሲኒማ ቤት ያበራል። ግን አካውንት ክፈቱ ይላል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ያኮርፋል፣ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም። ደረቁ ግራጫ ነው። ምንም አይለጥፍም። የማያውቀውን አላውቀውም ብሎ፣ ስሙን ራስሽ ጻፊው ብሎ ቦታውን ክፍት ይተዋል።

«ደረቁማ የቀበሌ ቢሮ ነው የሚመስለው» ብሎ ነበር ዋይፋይ። «አቦ ቆንጆው ይሻላል።»

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከጓዳ ነው። የአንቴና እናት ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሳሎን ውስጥ በእግር መርገጫ መኪና ስትሰፋ ኖራ፣ አሁን የጠርዝ መዝጊያ መኪና አግኝታለች። መኪናው ነገ፣ ቅዳሜ፣ ጓዳ ይገባል። ጓዳውን የሞሉት ደግሞ የታላቅ ወንድሟ፣ የአንቴና አጎት፣ የቪዲዮ ካሴት ካርቶኖች ናቸው።

«አሮጌ ዕቃ ገዢው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል» ብላለች። «ከዚያ በኋላ ጓዳ ውስጥ ካሴት ካገኘሁ ኮት ላይ ቁልፍ አድርጌ እተክለዋለሁ።»

አንቴናም ካሴቶቹን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ ብላ ቃል ገባች። ካሴት በጥድፊያ አይገለበጥም፤ ፊልሙ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ መጫወት አለበት። የትምህርት ቤቱን እረፍት ቀናት እሷ ሒሳብ ስትሠራ ማጫወቻው ከጎኗ ሲያንኮራኩር ከረመ። ድምፁን ዘግታ ነው። አጎቷ እያወራ ሒሳብ አይሠራም።

አጎቷ ድሮ በቪዲዮ ቤት ፊልም ተርጓሚ ነበር። የውጭ ፊልም ሲታይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቀመጥና ጀግናውንም፣ ክፉውንም፣ ሚስትየዋንም፣ ውሻውንም ሆኖ በአማርኛ ይናገራል። ጋሽ ማይክ የተባለውም ለዚህ ነው። የፊልሞቹን ቋንቋ አያውቅም። ይህን የሚያውቁት እሱና የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነበሩ፤ ተመልካቹም ያውቅ ነበር፣ ግን የጠየቀ የለም። ባለቤቱ ማይኩን ከመቅጃ ጋር አያይዞ እነዚያን ካሴቶች ቀረጸ፤ ቤቱ ሲዘጋም ለጋሽ ማይክ ሰጠው። አሁን ጋሽ ማይክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሰው ዝም ማሰኘት ነው።

የአንቴና ጭንቀት ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ ፊልሞቹ የሚቀመጡባቸው ዲስኮች ነበሩ። ሁለት ናቸው፤ ከአሮጌ ላፕቶፖች የወጡ። የሰጠቻት ሰፈሩ «ሐኪሟ» የሚላት ኮምፒውተር ጠጋኝ ስትሆን፣ ስታወራ ከብየዳዋ ቀና አትልም።

«ሁለቱም አርጅተዋል» ብላታለች። «አንዱ አንድ ቀን ይሞታል፤ የትኛው እንደሆነ ለኔም አልነገሩኝም። በሁለቱም ላይ የተለያየ ነገር ከሞላሽ ሰፊ ቦታ ነው፤ የሞተው ግን የያዘውን ይዞ ይሄዳል። አንዱን የሌላው ግልባጭ ካደረግሽው ቦታሽ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንዱ ቢሞት ግን ሌላው አለ።»

«የቱ ይሻላል እህቴ?»

«ቢጠፋ ሌላ ቦታ የሚገኝ ነገር ከሆነ ግልባጭ ምን ያደርግለታል? የማይገኝ ከሆነ ግን... ቤታችሁ ውስጥ ያለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ካሴቶቹ አንዱን ዲስክ ብቻቸውን ሊሞሉት ምንም አልቀራቸው። ሁለተኛው ላይ ደግሞ የአንቴና ተከታታይ ድራማ ተንፈላሶ ተኝቷል፤ ሁለት ክፍል ብቻ ይቀራታል፣ ለእረፍቱ ማብቂያ ብላ ያስቀመጠቻቸው።

ዋይፋይ መፍትሔ አላጣም። ከኪሱ ፍላሽ አወጣ።

«ወንድሜ ጋ እነዚህ ፊልሞች አብዛኞቹ አሉ። ጥርት ያሉት። መጠናቸው ደግሞ ከካሴቶቹ ሩቡን አይሆንም። የካሴቶቹን አጥፊና እነዚህን አስገቢ። ግልባጩም ይበቃል፣ ድራማሽም ይተርፋል። ማን ነው አሁን መስመር በመስመር የሆነ ምስል የሚያየው? ፋራነት ነው።»

አንቴና መልስ ለማግኘት ሞከረች፤ ያገኘችው ግን ዋይፋይ ትክክል እንደሆነ ነው።

ለሙከራ «ወፍራሙ ዳኛን» ከፍላሹ አስገቡ። ቆንጆው ወዲያው አወቀው፤ ትክክለኛ ፖስተር፣ ትክክለኛ ዓመተ ምሕረት፣ የተዋንያኑ ፎቶ ሳይቀር ደረደረ። ሴትዮዋም ኬኳን ይዛ ሄደች።

አጎቷ ከሥራ ሲገባ ቲቪው ፊት አስቀመጡት። የደንብ ልብሱን ኮፍያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንግዳ ቤት እንደሄደ ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ይሄው አጎቴ፣ የራስህ ፊልም ነው።»

ፈረሱ መጣ። ከፈረሱ በስተጀርባ ተራራ ነበር።

«ተራራ ነበረው እንዴ?» አለ አጎቷ። «እኔ ደመና መስሎኝ ዝናብ ሊመጣ ነው እያልኩ ነበር የማልፈው።»

ዋይፋይ ሳቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከበረት ወጡ። አጎቷ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ።

«ቆይ እስቲ። ታናሽየው... ሴት ናት እኮ!»

«ሴት ናት ጋሼ» አለ ዋይፋይ። «ሚስቱ ናት።»

«ኮፍያ አድርጋለቻ! በካሴቱ ኮፍያዋ ብቻ ነው የሚታየው። ስንት ዓመት ሙሉ ወንድሜ እያስባልኩት...» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ጀግናው መናገር ጀምሮ ነበር፤ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ቋንቋ። የአጎቷ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጀግናው አላቆመለትም። ከንፈሩ ተገጠመ።

እስከ ዳኛው መግቢያ ድረስ አየ። ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ ቆመ።

«ጥሩ ነው። ጠርቷል» አለ። «ካርቶኖቹን ማታ በር ላይ አወጣላችኋለሁ፤ ለሰውዬው እንዲቀልለው።»

እጁን ሊታጠብ ወጣ። ቧንቧው ሲፈስ ተሰማ፤ ለሁለት እጅ የማይሆን ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

«በቃ ወደደው» አለ ዋይፋይ።

አንቴና የቧንቧውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ክፉ ቃል የተናገረው የለም፤ የተናገረው ሰው ቢኖር ይቀላት ነበር።

መጀመሪያ ያሰበችው ማስታረቅ ነበር። ምስሉ ከጠራው ይሁን፣ ድምፁ ከካሴቱ፤ ድምፅ ብቻውን ቦታ አይፈጅም። ዋይፋይም «ይሄስ አሪፍ ነው» ብሎ ከትራሱ ተነሣ። ድምፁን ለይተው ከጠራው ምስል ሥር አስገቡና ከፈቱት። ለጥቂት ደቂቃ አጎቷና ጀግናው አብረው ሄዱ። ከዚያ ጀግናው ውሃ እየጠጣ «ወይኔ ወንድሜ፣ ገደሉኝ!» አለ። ፈረሱ ፍርድ ሰጠ። ዳኛው አሽካካ።

«ካሴቱ ይረዝማል» አለ ዋይፋይ ሰዓቱን እያየ። «ካሴት ከፊልም እንዴት ይረዝማል?»

አንቴና የካሴቱን ቅጂ ብቻውን ከፈተችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሳትዘጋ። ምስሉ መስመር በመስመር ነው። ዳኛው መዶሻውን እንዳነሣ «አቁምልኝ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፊልሙን ሲያቆመው ምስሉ ቀጥ ብሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ድምፁ ግን ቀጠለ።

አጎቷ ነው፣ እሷ በማታውቀው ወፍራም ድምፅ። «አንተ እዚያ ጋ፣ ባለ ኮፍያው። ከኋላህ ያሉት ፊልም እንጂ ያንተን ኮፍያ ሊያዩ አልመጡም። አውልቀው። አዎ። ይኸው ለካ ከሥሩ ጭንቅላት ነበረ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል። ከዚያ አንዲት ልጅ ከፊት ጮኸች፦ «ጋሼ! ውሻውስ? ውሻው ምን አለ?»

«ውሻው» አለ አጎቷ፣ ጥቂት አስቦ፣ «እኔ እዚህ ፊልም ውስጥ ማን እንዳስገባኝ አላውቅም አለ።»

ልጅቱ ሳቀች። በሳቋ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሲንቅ የሚል፣ እንደ ስቅታ ያለ ድምፅ ነበረ።

አንቴና ያንን ሲንቅታ ታውቀዋለች። ከሳሎን በየቀኑ የምትሰማው ነው። ዞር ስትል እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች።

«ይሄ ገና አልጠፋም?» አለች እናቷ። «እኔ እኮ በዚያ ቀን ውሻውን ብቻ ነበር የማየው።» ወደ ሥራዋ ልትመለስ ዞረች። «የአንቺን ያህል ነበርኩ» አለችና ሄደች።

ዋይፋይ ፍላሹን በእጁ እያገላበጠ «የጠራው ላይ ይሄ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«የትም የለም» አለች አንቴና።

ሁለተኛውን ዲስክ ከፈተች። ግልባጭ ከሆነ ቦታ ማስለቀቅ አለበት። ድራማዋን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምራ ማጥፋት ያዘች። ዋይፋይ ሰው ሲቀበር እንደሚያይ ሆኖ ተመለከታት። ካሴቶቹ ወደዚያም ተገልብጠው ሲያልቁ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ ለአንድ ፊልም ያህል ብቻ ነበር፤ ያላየቻቸውን ሁለት ክፍሎች እዚያች ላይ ሸጎጠቻቸው። ያን ያህል ጻድቅ አይደለችም። ከዚያ ቆንጆውን ዘግታ ደረቁን ከፈተችው። ደረቁ ርዕሶቹን አላውቃቸውም አለ። እሷም አጎቷ እንዳወጣላቸው አንድ በአንድ ጻፈች። ተዋንያን የሚል ቦታ አገኘችና «ሁሉንም፦ ጋሽ ማይክ» አለችበት።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ዕቃ ገዢው ካርቶኖቹን ጋሪው ላይ ጫነ። አጎቷ የመጨረሻውን ራሱ አቀበለውና በር ላይ ቆሞ ሸኘው፤ ጋሪው ከመንገዱ እስኪታጠፍ። ወደ ግቢ ሲመለስ ከቤት ውስጥ ሰው ይጮኻል።

«አንተ እዚያ ጋ፣ ባለ ኮፍያው!»

አጎቷ ሳያስበው እጁን ወደ ደንብ ልብስ ኮፍያው ሰደደ። ከዚያ ገባ። ቲቪው ላይ የሚንቀጠቀጥ ዳኛ መዶሻ አንሥቶ ቆሟል። ከጓዳው፣ ከአዲሱ መኪና ጀርባ፣ እናቷ ስትስቅ ሲንቅ አለች።

«ማነው የሚጮኸው?» አለ አጎቷ።

«አንተ ነህ» አለች አንቴና። «ሁሉም አሉ። ሁለት ሁለት ቦታ ነው ያሉት፤ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው አለ።»

«ሁለት ቦታ እጮኻለሁ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ ጫፉ ላይ አይደለም። ወንድማማቾቹ ዳኛው ፊት እስኪቀርቡ ጠበቀና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያቺን ሴትዮ ግን በድያታለሁ» አለ። ወደ ዋይፋይ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ያ የጠራው አለህ?»

«አለኝ ጋሼ።»

«ማይክስ?»

«ስልክ አለ።»

«ይበቃል። እንደገና እሠራዋለሁ። ሚስቱ ከሆነች የምትለው ነገር ብዙ ነው።»

ሁለቱም አንቴናን አዩአት። አንቴና ስክሪኑን አየች። ክፍት ቦታው ለአንድ ፊልም ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ የድራማዋ ሁለት ክፍሎች ተኝተዋል። መረጠቻቸውና አጥፋ አለች። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«መጨረሻውን ሳታዪ?» አለ ዋይፋይ።

«አጎቴን እጠይቀዋለሁ» አለች፣ አዎ የሚለውን እየተጫነች። «እሱም አላየውም፤ ግን ይነግረኛል።»