አናቱ የተቀባው ሞኒተር

እዚህ ቻናል ላይ የሚጻፈውን አነባለሁ። ግማሹን አላምንም። የእኔን ግን በእጄ ነክቼዋለሁ። እጄን በሳሙናም በአመድም ፈትጌዋለሁ፤ ሽታው ቶሎ አልለቀቀኝም።

ዘመኑ 2003 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር። ቦታው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ሰዓቱ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት።

ጨለማ አትጠብቁ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ስሜ ታፈረ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ሙያውን የተማርኩት በውትድርና ነው።

ይግዛው የሚባል ጡረታ የወጣ መምህር ደንበኛዬ ነበር። ከድሮ የተረፈ የቤት ኮምፒውተር ነበረው፤ ሁለመናው የመጻፊያ ቁልፎቹ ሥር የታጨቀ። ሞኒተሩም የዚያው ዘመን ነው፤ ጀርባው የተቆዘረ። አዲሱ ስክሪን ለዚያ ማሽን አይገጥምም። ስለዚህ ይግዛው የተጣሉ ሞኒተሮች ይለቅማል፤ እኔ ከአንዱ ነቅዬ ለሌላው እበይዳለሁ።

ሚስቱ ይታይሽ ይህን ስታይ ትስቅብን ነበር። አንድ ቀን ለምን አዲስ አይገዛም አለችኝ።

“ያረጀ ሁሉ ይቀየር ከተባለማ ካንቺ ነው የሚጀመረው” አላት ይግዛው።

“እኔንም የሚጠግነኝ ባገኘሁ” አለችው።

ይግዛው በኅዳር መጨረሻ ሞተ። ሞኒተሩ ፊት እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አገኘችው። ሞኒተሩም አብሮት ጠፍቷል።

ከቀብሩ በኋላ አስጠራችኝ። ሞኒተሩን ከፍቼ አየሁት። የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነው።

“ሞቷል?” አለችኝ።

“አልሞተም። ነፍስ አለው” አልኳት።

በእኛ ሙያ እንዲህ ነው የሚባለው። ፊውዙን ቀይሬ ወጣሁ።

እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው...

በጥር የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ገብርኤል ሱቄ መጡ። የይግዛው ተዝካር ደርሷል፤ እሷ ጥንስስ እንኳ አልጣለችም። ሲጠይቋት ባሌ አልሞተም፣ ነፍስ አለው፣ አያ ታፈረ ከፍተው አይተውታል ብላቸዋለች። ምክር አልሰማም፣ ግዝትም አልፈራም ብላለች።

“ካንተ አፍ የወጣ ቃል ነው። አንተው መልሰው” አሉኝ። “የሰው ነፍስ ያለ ተዝካር አትቅር።”

ሄድኩ።

በሩን ስገፋ ሽታው ፊቴን መታኝ። የከረፋ ቅቤ። ከቅቤው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ... ብዙ ጊዜ ያልታጠበ የሰው ራስ።

ከተማው ውስጥ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ሞኒተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጋቢ ለብሷል። እንደ ታመመ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ተለጥፎበታል።

“አናቱ ደርቆበት ነው” አለችኝ በሹክሹክታ። “ቀስ ይበሉ፤ ገና አሁን መተኛቱ ነው።”

ቅቤው እየቀለጠ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ቤቱ ብርድ ነው። ቅቤው ለምን ይቀልጣል?

እጄን ጫንኩበት። ይሞቃል... የዕቃ ሙቀት አይደለም። የብብት ሙቀት ነው።

ገመዱን አየሁ። ከግድግዳው ተነቅሏል።

ቢሆንም ከፍቼ ውስጡን ላሳያት ብዬ ካቻቪቴ አወጣሁ። ሽቦና መስታወት ብቻ መሆኑን ካየች ታምናለች።

ክዳኑ እንደ ቁስል ቅርፊት እየተላጠ ተላቀቀ። አቧራው ከቅቤው ጋር ቦክቷል። በጣቴ ዘገንኩት። አቧራ ብቻ አይደለም።

አጫጭር ሽበት ነው። ሥሩ ላይ ፎረፎር አለበት።

ቀና ብዬ ይታይሽን አየኋት። የእሷ ፀጉር ረጅም ነው። ጥቁር ነው።

ከመስታወቱ ጎን የላስቲክ ቆብ አለ። ማሽኑ ተነቅሎም ቢሆን እሱ ሥር ሰው የሚጥል ኤሌክትሪክ ተጠራቅሞ ይቆያል። ስለዚህ ሽቦ ያሰርኩበትን ካቻቪቴ ሰድጄ አስቀድሜ አስወጣዋለሁ። ጧ ብሎ ይጮኻል፤ አለቀ።

ሰደድኩት።

አልጮኸም።

ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ...

“አይውጉት” አለች ይታይሽ። “ያመዋል።”

መዘዝኩት። ከጫፉ ቢጫ ነገር ተሳበ። እንደ ዓይን አር ይዝለገለጋል።

ወደ ፊት ለፊቱ ዞርኩና መስታወቱን በመሐረቤ ጠረግሁ። የግንባር ቅባት ታትሞበታል። አልለቅ አለኝ። ደግሜ ፈተግሁት።

ቅባቱ ከውስጥ በኩል ነው።

አጠገቡ ጉም አለ። ይመጣል... ይሄዳል። ይመጣል... ይሄዳል።

ያ መስታወት ድፍን ነው። ሲሠራ አየሩ ተመጥጦ የወጣ ነው። ትንፋሽ ከየት ይመጣል?

“ይናገሩ እንጂ” አለች ይታይሽ። “አባ ለምን እንደላኩዎት አውቃለሁ። እርስዎ ሞቷል ካሉኝ ዛሬውኑ እጠነስሳለሁ።”

ዓይኗ ከአፌ አልተነቀለም። አልሞተም ብላት ተዝካር የለም፤ ነፍሱም እንደተንጠለጠለች ናት። ሞቷል ብላት... ይህ የሚተነፍሰው ምንድን ነው?

ጉሙን እያየሁ ተናገርኩ።

“ሞቷል።”

ጉሙ ቆመ።

ይታይሽ ደረቷን መታች። “ወየው ይግዛው” እያለች ወደ ደጅ ወጣች። ጎረቤት ግር ብሎ መጣ። አንዱ እጇን፣ አንዱ ወገቧን ያዘ። አባ ወልደ ገብርኤልም አጥር ሥር ቆመው ኖሮ አማተቡ።

ሁሉም እሷን ያያል። እኔ መስታወቱን አያለሁ።

ለቅሶው ከፍ አለ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልቀረም። ያን ጊዜ ጉሙ በታችኛው ጥግ ተመለሰ። ቀስ ብሎ... ትንፋሹን ይዞ የተደበቀ ሰው ሲተነፍስ እንደሚያደርገው።

ከዚያ ጉሙ መሐል፣ ከውስጥ በኩል፣ አንድ ቀጭን መስመር ተጠረገ።

ለአንድ ዓይን የሚበቃ።