ድንኳኔን የከበቡት ድንጋዮች

እኔ እንዲህ ያለ የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ነጠላዬን አራግፌ የምነሣ ሰው ነበርኩ፣ ምክንያቱም ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን እኛኑ አይሁዶቹን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ይዞራሉ እያሉ ሲያሙን ነው ያደግሁት፣ እናቴ ግን፣ እመኑኝ፣ ከጎኔ ተኝታ እስኪነጋ ስታንኮራፋ ነበር የምታድር። እንዲህ ያደገ ሰው ታዲያ ምኑን ያምናል? አሁንም አላምንም። የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

መኪና መንዳት የተማርኩት በስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ የመንገዱን ሕግ በጆሮዬ አጥንቼ ፈተናውን በቃል አለፍኩ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ! ባሌ ካረፈ ጀምሮ ድንኳኔንና ፍራሼን ጭኜ ለብቻዬ ከተራራ ተራራ፣ ከጫካ ጫካ እዞራለሁ፣ እዚህ በአይሁድ አገር፣ ረሆቮት ከተማ ያለው ቤቴ ጥሩ ቤት ነው፣ ግን ግድግዳውን እያየሁ መቀመጥ አልሆነልኝም። ልጄ ሲጋል ይሄን አልወደደችውም። ባለፈው ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ ልነሣ ስል ቂርያት ቫይዝማን ካለው ሥራዋ ደወለች።

«እማ፣ ዳይ፣ በቃሽ! የሰባ ዓመት ሴት ለብቻዋ ጫካ ታድራለች?»

«ከማን ጋር ልደር? ባል ፈልጊልኛ።»

«ቀልዱን ተይው። አንድ የሚያስፈራ ነገር ቢገጥምሽ የመኪናሽን ቁልፍ ለእኔ ታስረክቢያለሽ። ቤሰደር፣ እሺ?»

«ቤሰደር» አልኩ። ቃሌን እንደማልበላ ታውቃለች፣ ለዚህም ነው ቃል ያስገባችኝ።

ሜሮን ተራራ ላይ ዛፉ ጥቅጥቅ ካለበት ገባ ብዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኔን ተከልኩ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላሁ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የጠመጠምኩበትን የቆርቆሮ ኩባያዬን ባዶውን ደጅ አስቀምጬ ተኛሁ።

«ቀጭ» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ፣ ድንጋይ መሬት ላይ ሲቀመጥ። የዱር አሳማ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቀጭ»፣ ወደ ግራዬ። አሳማ ይቆፍራል፣ ያተራምሳል እንጂ ምን ብሎ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ያውም በቀስታ! ድምፁ አልቸኮለም፣ እየዞረ፣ እየዞረ፣ በስተመጨረሻ በራስጌዬ በኩል መጣ። ከዚያ ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ።

«ማነሽ?» አልኩ። ለምን ማነህ እንዳላልኩ እኔም አላውቅም።

ሲነጋ የድንኳኑን ዚፕ ከፈትኩ፣ ዙሪያዬን በድንጋይ ተከብቤያለሁ፣ አንድም ክፍተት የለውም።

ይሄን ክብ አውቀዋለሁ። በአገራችን ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከመንደሩ ዳር ወዳለች የመርገም ጎጆ ትገባለች፣ በጎጆዋ ዙሪያ ድንጋይ ይደረደራል፣ ቀኗ እስኪያልቅ እሷ አትወጣም፣ ሌላውም አይገባም፣ ምግቧና ውኃዋ ከድንጋዩ ውጭ ይቀመጥላታል። ለእኔ የምታስቀምጥልኝ እናቴ ነበረች፣ አፈሩ ይቅለላት። አንድ ጊዜ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ቀኔ ሳያልቅ ድንጋዩን ተሻግሬ ከመንደራችን ወንዝ ማዶ ሄጃለሁ፣ እናቴ አልመታችኝም፣ «አንቺን ቤት አይዝሽም» ብቻ ነው ያለችኝ።

ኩባያዬም ከድንጋዩ ውጭ ተቀምጧል፣ ሙሉ ውኃ ይዞ።

እንዲህ ተገትሬ ሳለሁ የጫካው ጠባቂ በመኪና መጣ፣ ፂማም ጎልማሳ ነው።

«ሳብታ» አለኝ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ «እዚህ እሳት ክልክል ነው!»

«የታለ እሳቱ?»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ምድጃ ለምንድን ነው፣ በሬ ልትጠብሺ ነው?» ብሎ ሣቀ፣ ጎንበስ ብሎም አንዱን ድንጋይ አነሣ፣ ሣቁም እዚያው ቆመ። «ይሄ የወንዝ ድንጋይ ነው። የዚህ ተራራ ድንጋይ ሻካራ ነው። ሥሩ ደግሞ እርጥብ ነው።»

«እኔ አላመጣሁትም።»

ትንሿን መኪናዬን አየ፣ እጆቼን አየ። «ትናንት ሲመሽ በዚህ አልፌያለሁ፣ አልነበረም» አለና ድንጋዩን እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ከቦታው መልሶ፣ ደኅና ሁኚ እንኳን ሳይለኝ ሄደ።

ድንኳኔን ነቅዬ፣ ዕቃዬን ተሸክሜ ድንጋዩ አጠገብ ስደርስ እግሬ አልነሣም አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልተነሣም። ያኔ ነው ንዴቱ የመጣው።

«ስሚ» አልኩ ለጫካው። «እኔ አሮጊት ነኝ፣ ጎጆ የምገባበት ዘመን አልፏል። የወለድኳት ልጅ አልዘጋችብኝም፣ አንቺም አትዘጊብኝም!» እጄን ዘርግቼ ውኃውን ደፋሁት፣ ኩባያውን እዚያው ጣልኩት፣ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ተሻገርኩ።

ቤት ስገባ ሲጋል እየጠበቀችኝ ነበር።

«እሺ፣ ምን ገጠመሽ?»

«ድንጋይ።»

«ፈራሽ?»

«ተናደድኩ።»

ሁለቱም መልሶቼ እውነት ናቸው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ገበያ ልሄድ ወደ መኪናዬ ወረድኩ። ዙሪያዋን ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ተደርድሯል። የጎረቤት ልጆች ሥራ ነው እንዳልል፣ ሜሮን ላይ የጣልኩት ኩባያ፣ ቀይ ክሩ እንደተጠመጠመበት፣ ሞልቶ ከድንጋዩ ውጭ ተቀምጧል።

ውኃውን ደፋሁ፣ ኩባያውን አጥቤ ከዕቃዬ ጋር ከተትኩት፣ የእኔ ነዋ! መኪናዬን አስነሥቼ በድንጋዮቹ ላይ ነዳሁ፣ ጎማው ሲረግጣቸው ቀጭ ቀጭ አሉ። እሑድ ወደ ጎላን እወጣለሁ፣ ድንኳኑም ተጭኗል፣ የሚያስቀረኝ ካለ ይምጣ።

አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዬ አልወጣም። የጫካው ክብ ከድንኳኔ ሦስት እርምጃ ይርቅ ነበር። የረሆቮቱ ግን ጎማዎቹን ነክቷቸው ነበር።