በክት ያረደ እጅ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚህ ላይ ተዉት። እጄ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ፈጠራ አይደለም።

ቀኑ ቅዳም ሹር ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ።

ለፋሲካ ሰባት ጎረቤታሞች በእኔ በሬ ቅርጫ ገብተናል። ሁልጊዜ የማርደው እኔ ነኝ። «የፈንታሁን እጅ ንጹሕ ነው» ይሉኛል።

ቢላዬን ስዬ ወደ ጓሮ ስዞር...

በሬው ሞቷል።

ጠዋት ደህና ነበር። አሁን ከአፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል። የታሰረበት ገመድ ወደ ጎረቤቴ ወደ ቢሻው ቤት ተወጥሮ ቀርቷል... ወደዚያ ሊሄድ ሲታገል የሞተ ይመስላል።

በክት እንደማይበላ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ግን ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቀው። «በሬዬ ሞተ» ማለት አሳፈረኝ።

ገመዱን ፈትቼ፣ ጠቅልዬ ችካሉ ላይ አንጠለጠልኩት። አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። በስመ አብ አልኩና የሞተውን አረድኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ደሙ አልተንፎለፎለም። ቀስ ብሎ ወጣ... አልረጋም።

ቢሻው ደረሰ።

«ሳንመጣ አረድኸው?»

«ገመዱን ሊበጥስ ሲል ጊዜ...»

ደሙን ትንሽ አየት አደረገና «ይሁን፣ እጅህን ይባርከው» አለኝ።

በባዶ እጄ ገፈፍኩት። መደብ መደብ አድርገን በዕጣ ተካፈልን። የራሴን ድርሻ ጓሮ ቀበርኩና ሚስቴን «ውሻ ወሰደብኝ» አልኳት።

ሌሎቹን ግን ድርሻቸውን ይዘው ሲሄዱ አልከለከልኳቸውም።

ማክሰኞ ጣቴ ላይ ትንኝ የነከሰኝ የምትመስል እብጠት ወጣች። ሐሙስ መሀሏ ከሰል መሰለ። እጄ እስከ ክርኔ አበጠ።

የሚገርመው... አያምም። በመርፌ ወጋሁት። ምንም!

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ልዕልት ጣቴን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በሩን ዘጋችና አንሾካሾከች።

«ጋሼ፣ የሞተ ከብት ነክተዋል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አባ ሰንጋ ይመስላል። ስጋውን የበላ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝ። መድኃኒት አለው። ከዘገየ ግን...»

«የለም» አልኳት።

«የለም» አልኩ! ለስሜ ብዬ!

በማግስቱ እጄን ላሳይ ጤና ጣቢያ ሳለሁ ቢሻውን በቃሬዛ አመጡት። ሆዱ ተነፍቷል። ሚስቱ ጌጤ በጨርቅ የተጠቀለለውን እጄን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ወንድም ፈንታሁን... ስታርደው ነፍስ ነበረው?»



«አልነበረውም» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሌሎቹ መድኃኒት ወስደው ዳኑ። ቢሻው ግን በዚያው ቀን አረፈ። ሐሙስ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብር አንገቴን ደፍቼ ስመለስ ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት ነው። የበሬውን ቆዳና አጥንት የጤና ጣቢያ ሰዎች ትናንት አቃጥለውታል። ጓሮዬ ውስጥ የቀረው ችካሉና ገመዱ ብቻ ነው።

ገመዱ ግን እንደጠቀለልኩት አልነበረም።

ወደ ቢሻው ቤት ተወጥሮ ነበር። ጫፉ ላይ ምንም የለም።

ልፈታው በዚያው በታመመው እጄ ያዝኩት።

ከወዲያ በኩል... አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሳበው።