ፍሬኑን የረገጠው እግር

አቶ ባዘዘው ሞተው የተገኙት በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ መኪናቸው ሥር ነው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው እሾህ ሳይነካቸው ጡረታ የወጡ ሰው፣ የአሮጌ ኮሮላቸውን ፍሬን ሲቀይሩ መኪናዋን ያነሱበት ክሪክ ከዳቸውና መኪናዋ ደረታቸው ላይ ወደቀች። የዚያኑ ዕለት ጎረቤታቸው መካኒኩ ሙላት ታሰረ። ሰው ፊት «ፍሬኑን ራስዎ ቢነኩት ይሞታሉ!» ብሏቸው ነበርና ምክሩ ዛቻ ሆኖ ተቆጠረበት።

በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ለምክትል ኢንስፔክተር ትሕትና ተሰጠ። ትሕትና ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወረች ዓመት ቢያልፋትም፣ እሑድ ሲመጣ የሚያንኳኳላት ሰው የላትም። ብቸኝነቱ ይከብዳታል፤ በሥራ ታባርረዋለች፤ ማታ ሲሆን ግን ቀድሟት ቤት ይገባል።

የነሐሴ ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። አስከሬኑን ያገኘው የሟች የእህት ልጅ የኔአለም ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃታል። ቁመቱ የበር ጉበን ይነካል።

«እንደ አጎትህ ረጅም ነህ» አለችው።

«የዘር ነው። ሙላትም ከእኛ አያንስም፤ ሦስታችን ስንቆም የስልክ እንጨት ነው የምንመስለው።»

«ያን ቀን አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነበር?»

«ማን አለና? ብቻቸውን በልተው ብቻቸውን የሚተኙ ሰው!»

«መኪናዋን አያውሱህም ነበር?»

«እኔን? ጫማህን ሳታወልቅ አትገባም ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ለቆርቆሮ ጫማ አላወልቅም፤ ስለዚህ ገብቼባት አላውቅም። ያንን ሕግ የቻሉት እትዬ ደብሪቱ ብቻ ናቸው።»

«እሳቸው ማን ናቸው?»

«የድሮ ሚስታቸው። ከጓሮው በኩል ባለው መንገድ ነው የሚኖሩት። ከተፋቱ ዘጠኝ ዓመታቸው። ያኔ ተናደው ‹ሁለተኛ ግቢህን አልረግጥም› ብለው በንስሐ አባታቸው ፊት ተገዝተዋል። ቀብሩን እንኳ የተከተሉት ከሩቅ ነው።»

ትሕትና መኪናዋን ዞረቻት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወልቀዋል። በስስ አሮጌ ዲስኮች ፋንታ ወፋፍራም አዳዲስ ዲስኮች ከነፍሬን ሸራቸው ገብተዋል። በግራ በኩል ቀጭን ላስቲክ የተነከረበት፣ ግማሹ የፍሬን ዘይት የሆነ ጠርሙስ ቆሟል። ክሪኩ የቆመበት ጣውላ በጭቃው ላይ ወደ ግራ ተንሸራቷል። የሾፌሩን በር ስትከፍት ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል፤ ምንጣፉና ፔዳሉ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ጭቃ የለም።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄዳ ሙላትን አስጠራችው። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ነገ ፍርድ ቤት ነኝ» አለ። «ልጆቼ ‹የነፍሰ ገዳይ ልጆች› እየተባሉ ነው።»

«አንድ የሙያ ጥያቄ አለኝ። ከጎማው በኩል በላስቲክ ወደ ጠርሙስ የሚወርደው የፍሬን ዘይት ምንድን ነው?»

«አየር ማስወጣት ነው። ቱቦው ከተከፈተ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ፍሬን ሲረግጡት ይሰምጣል።»

«አንድ ሰው ይሠራዋል?»

«በላስቲክና በጠርሙስ ከሆነ አይሠራውም። አንዱ ውስጥ ተቀምጦ ይረግጣል፤ ሌላው ከታች ብሎኗን ይከፍታል፣ ይዘጋል።» ድንገት ቀና አለ። «ታዲያ ከማን ጋር ነበሩ?»

«ያን ቀን ጩኸት ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። እዚህ አገር አንድ ሰው ኡኡ ካለ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይመጣል።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ፍርድ ቤት ሳይከፈት፣ ትሕትና ሙላትን ከጣቢያው አስመጥታ፣ የኔአለምንና ወይዘሮ ደብሪቱንም ወደ ሟቹ ግቢ ጠራቻቸው። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው መጡና ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ አጭር፣ ደቃቃ ሴት ናቸው።

«ግዝት አለብኝ፤ አልገባም» አሉ።

«እንግዲያው እኛ እንወጣለን» አለች ትሕትና፤ ሙላትንና የኔአለምንም ወደ በሩ አስጠጋቻቸው። «አቶ ባዘዘው ሲሞቱ ብቻቸውን አልነበሩም። የፍሬን አየር የሚወጣው በሁለት ሰው ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ብቻውን የማይሆነውን ሥራ ያውቃል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሰው ጠሩ። የተጠራው ሰው አጭር ነው፤ ፔዳሉ እንዲደርስለት ወንበሩን ወደ ፊት ስቧል። ሙላትና የኔአለም እዚያ ቢቀመጡ ጉልበታቸው መሪው ሥር አይገባም። ደግሞ በዚህ ጭቃ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው፤ የአቶ ባዘዘውን ሕግ የሚያከብር ሰው ነው። ክሪኩን ማንም አልመታውም። የተቀመጠው ሰው በግራ በር ሲወርድ መኪናዋ ተነቃነቀች፣ ጣውላው በጭቃው ላይ ሸሸ። ድንገተኛ አደጋ ነው። የቸገረኝ ዝምታው ነበር። ሊረዳ የመጣ ሰው ለምን አልጮኸም? በዚህ ግቢ መገኘት የሌለበት ሰው ቢሆን ነው።»

የኔአለም እጁን አፉ ላይ ጫነ። ወይዘሮ ደብሪቱ መሬት መሬት ያያሉ።

«ይህን ሁሉ በማስረጃ ማስረዳት አልችልም» አለች ትሕትና ቀስ ብላ። «ዝም ካሉ ዝም እንዳሉ ይቀራል። ሙላት ግን አሁን ዳኛ ፊት ይቆማል።»

ሴትዮዋ ሙላትን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው የበሩን ደፍ ተሻገሩ።

«አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ወለደች» አሉ። «በዚያች መኪና የዓባይን ቁልቁለት አልወርድም ስለው፣ ‹ፍሬኑን ለውጬ እወስድሻለሁ› አለኝ። ‹የሚረግጥልኝ ሰው አጣሁ› ሲል ጊዜ በጓሮ ገባሁ። ርገጪ ሲል ረገጥኩ፤ ልቀቂ ሲል ለቀቅኩ። በዘጠኝ ዓመቱ ሲስቅ ሰማሁት። ‹አለቀ፣ ውረጂ› አለኝ። እሱ ገና ከሥር ነበር።»

«ወዲያው አረፉ?»

«አላረፈም። እጄን ያዘኝ። ‹ጩኺ› አለኝ። እግዜርስ ይቅር ይለኛል፤ የፈራሁት ሰውን ነው። ሰው መጥቶ ግቢው ውስጥ ቢያገኘኝ አልኩ። ዝም ብዬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩለት። ስደግም ስደግም እጄን ለቀቀው።»

ሙላት ነጻ መሆኑ ትዝ ያለው አይመስልም፤ ሄዶ ከሴትዮዋ ፊት ቆመ።

«እትዬ ደብሪቱ» አለ፣ እንባው እየቀደመው። «እኔ እኮ ከግንቡ ማዶ ነበርኩ። ትልቁ ክሪክ አጠገቤ ነበር።»